የአባዬ ስልክ በስንት ሰው እጅ ያልፋል?

አዲስ አበባ ውስጥ አዛውንት ወላጅ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። የምጽፈው ስለ አባቴ ስልክ ነው። አባዬ ሰማንያን ሊደፍኑ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሬዲዮ ያዳምጣሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ማንም ተነስቶ የሚያሞኛቸው ሰው አይደሉም።

ነገር ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት የከተማው ኑሮ ተጠቃሎ ስልክ ውስጥ ገባ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ሲጀመር አባዬ «ይሄ የእናንተ የልጆች ነገር ነው» ብለው ትተውት ነበር። ዛሬ መብራቱም ውኃውም የሚከፈለው በእሱ ነው። ጡረታቸው ባንክ ይገባል፤ መግባቱን የሚነግራቸውም የስልክ መልእክት ነው። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ታክሲ በአፕ ይጠራላቸዋል። ባንክም ሆነ ሌላ ቢሮ ሲሄዱ ፋይዳ ይጠየቃሉ። ስልኩ ቦርሳም፣ መታወቂያም፣ ፋይልም ሆኗል። ስልኩን የያዘ ሰው አባዬን ይዟል ማለት ይቻላል።

የመረጃ ደህንነት ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ከሩቅ ሆኖ ሲስተም የሚሰብር ሀከር ነው። እኔ በአባዬና በሰፈራችን አዛውንቶች ላይ ያየሁት ሌላ ነው። የሽማግሌና የአሮጊት መረጃ በብዛት የሚወጣው በሚረዳቸው ሰው እጅ በኩል ነው። ረጂው ክፉ መሆን የለበትም። ብዙውን ጊዜ ደግ ልጅ ነው። ችግሩ የእጁ መብዛት ነው።

አንድ እሁድ ከአባዬ ጋር ቁጭ ብለን የስልካቸውን መክፈቻና የቴሌብር ፒናቸውን ማን ማን እንደሚያውቅ አሰብን። እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ይነግሩኛል። የሱቁ ልጅ ያውቃል፤ ካርድ የሚሞላላቸው እሱ ነው። የግቢው ጥበቃ ያውቃል፤ መልእክት የሚያነብላቸው እሱ ነው። የእህቴ ልጅ ያውቃል፤ ጌም ይጫወትበታል። መጀመሪያ ቴሌብሩን የከፈተላቸው ጎረምሳም ያውቃል። ፒኑን የመረጠላቸው እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አልተቀየረም። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ስድስቱ አሃዝ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ የስልኩ ሽፋን ውስጥ ተሸጉጧል።

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? ዓይኔ አያይ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የሚመጣው መልእክት ደግሞ እንግሊዝኛ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አዛውንት ስልኩን ለሰው የሚሰጠው ከሞኝነት አይደለም። ከኋላው ወረፋ አለ። ፊደሉ ትንሽ ነው። አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፍብኛል ብሎ ይፈራል። ከሁሉ በላይ ይሉኝታ አለ። «ስጡኝ ልሥራልዎ» ያለን ልጅ «አይ፣ አልሰጥህም» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ስለዚህ አዛውንትን «ፒንህን ለማንም አትስጥ» ብሎ መምከር ብቻውን ዋጋ የለውም። እንዲሰጡ የሚያስገድዳቸውን ነገር ከመንገድ ማንሳት ይቀድማል።

እኛ የጀመርነው ከፊደሉ ነው። የስልኩን ጽሑፍ አተለቅነው። የቴሌብር አፑን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀየርነው። ይህ ብቻ ግማሹን እርዳታ አስቀረልን። ከዚያ አዲስ ፒን ራሳቸው መረጡ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። «አንቺ እንኳ አታይም?» አሉ በመገረም። አላይም አልኳቸው። የትውልድ ዓመት፣ የቤት ቁጥር፣ የስልኩ የመጨረሻ አሃዞች እንዳይሆን ብቻ ነገርኳቸው። እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን የድሮ ነገር መረጡ፤ ምን እንደሆነ እስከዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ አንድ ደንብ አወጣን። ስልኩ ከእጃቸው አይወጣም። የሚረዳቸው ሰው አጠገባቸው ቆሞ በጣቱ ያሳያል፤ የሚነኩት እሳቸው ናቸው። ይህን ለሱቁ ልጅም ለጥበቃውም እኔ ራሴ በደግ ቃል ነገርኳቸው። ነገሩን ከአባዬ ላይ አውርጄ በራሴ ላይ አደረግሁት። «ልጄ ከልክላኛለች» ማለት ለእሳቸው ይቀላል፤ ይሉኝታውንም ይሰብርላቸዋል። ሁለቱም ልጆች አልተቀየሙም። እንዲያውም ጥበቃው እፎይ ያለ መሰለኝ። አንድ ቀን ብር ቢጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነበርና።

የቴሌብር ወኪል ጋ ሄደው ብር ሲያወጡም ያው ነው። ወኪሉ የእናንተን ፒን የሚፈልግበት አንድም ሥራ የለም። ፒኑ የሚገባው በባለቤቱ ስልክ፣ በባለቤቱ ጣት ነው። «ንገሩኝና ላስገባልዎ» የሚል ወኪል ካጋጠማችሁ ሌላ ወኪል ፈልጉ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የወላጅን መብራትና ውኃ ለመክፈል የወላጅን ስልክ መክፈት አያስፈልግም። የደንበኛ ቁጥሩን ይዛችሁ ከራሳችሁ ቴሌብር መክፈል ትችላላችሁ። እኔ የአባዬን የመብራትና የውኃ ቁጥር ስልኬ ላይ መዝግቤ ከራሴ እከፍላለሁ፤ እሳቸው ብሩን በእጄ ይሰጡኛል። ሰጪም ተቀባይም ደስ ብሎን እንኖራለን። በዚህ መንገድ ስልካቸው የሚከፈትበት ምክንያት በጣም ቀነሰ።

አሁን ወደ ፋይዳ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፋይዳ ስትመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ምስልና የፊት ፎቶ ትሰጣላችሁ። ፒን ቢሰረቅ ይቀየራል። ጣት አይቀየርም። ስለዚህ ከዚህ መታወቂያ ጋር የተያያዘውን ነገር ሁሉ ከቴሌብር ፒን የበለጠ ልንጠነቀቅለት ይገባል። የሚመጣው ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው። 12 አሃዝ ያለው ዋናው የፋይዳ ቁጥር ነው። 16 አሃዝ ያለው ደግሞ ተለዋጭ ቁጥር ነው፤ የተፈጠረውም ዋናው ቁጥር በየቦታው እንዳይዞር ነው። ቁጥር ተጠይቃችሁ 16 አሃዙ የሚበቃ ከሆነ እሱን ስጡ። አባዬ አስራ ሁለቱን አሃዝ በኪስ ማስታወሻቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጽፈውት ነበር፤ ያንን ገጽ ቤት አስቀመጥነው።

ከቁጥሩ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ከፋይዳው ጋር የተመዘገበው ስልክ ነው። ማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በዚያ ስልክ ነው። ብዙ አዛውንቶች ሲመዘገቡ ያስመዘገቡት የልጅ፣ የልጅ ልጅ ወይም የጎረቤት ስልክ ነው፤ «የእኔ ስልክ ያስቸግራል» ብለው። ያ ልጅ በኋላ አገር ይለቃል፣ ወይም ሲሙን ይጥላል። ከዚያ እናትየው ባንክ ቆመው ኮዱ የማይታወቅ ሰው ኪስ ውስጥ ይጮኻል። እባካችሁ የወላጆቻችሁ ፋይዳ በየትኛው ስልክ እንደተመዘገበ ዛሬ ጠይቁ። በራሳቸው ስልክ ካልሆነ ምዝገባ ጣቢያ ሄዳችሁ አስቀይሩላቸው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሲሙ ራሱ በማን ስም ነው? የአባዬ ሲም የወጣው በወንድሜ ስም ነበር። ድሮ እሱ ገዝቶ ሰጥቷቸው ነው። ወንድሜ አሁን ዱባይ ነው። ሲም ቢጠፋ ምትክ የሚያወጣው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው፤ ስለዚህ አባዬ ስልካቸው ቢሰረቅ ቁጥራቸውን ራሳቸው ማስመለስ አይችሉም ነበር። ቁጥሩ ላይ ደግሞ ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ ፋይዳውም ተንጠልጥሏል። የእኛስ ደግነቱ ወንድም ነው። ሲሙ በቀድሞ ተከራይ ወይም በተጣላ ዘመድ ስም የሆነባቸው አዛውንቶች አሉ። ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ ሁለቱ አብረው ኢትዮ ቴሌኮም ሄደው ስሙን አዛወሩ። ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

የፋይዳ ካርድ ህትመትም አለ። ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ በሕጋዊ መንገድ የሚያትሙ አሉ። ነገር ግን በየሰፈሩ «ፋይዳ እናትማለን» የሚል ወረቀት የለጠፉ ቤቶች ሞልተዋል፤ አዛውንቱም ቅርቡን ይመርጣል። እኔና አባዬ ከእነዚህ አንዱ ጋ ገባን። ልጁ «ፋይሉን በቴሌግራም ላኩልኝ» አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራሙ እንደተከፈተ ነው። ከእኛ በፊት የተላኩት ፋይዳዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ነጠላ የለበሱ እናት ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ። ከእሳቸው በታች አንድ ቄስ። ከእሳቸው በታች ሌላ።

አባዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች አንተ ጋ እንዳሉ ያውቃሉ?» አሉት።

«ኧረ ማን ያየዋል ብለው ነው ፋዘር!» አለ ልጁ።

«እኔ እያየሁት ነዋ» አሉት አባዬ።

ልጁ ምንም አልመለሰም። ቆይቶ አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ። ለክፋት እንዳላስቀመጠው ፊቱ ይናገራል፤ ማጥፋት እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም። እኛም አላሳተምንም፤ ወጥተን በሕጋዊው መንገድ አዘዝን። እናንተ የግድ እንደዚያ ያለ ቤት ማሳተም ካለባችሁ አብራችሁ ሂዱ። ሥራው እንዳለቀ ፋይሉን ከቴሌግራሙ ከሁለታችሁም ወገን አጥፉት። ከዚያ ልጁ ከኮምፒውተሩ ዳውንሎድ ፎልደርና ከሪሳይክል ቢን ሲያጠፋው ቆማችሁ እዩ። ማፈር የለም። የማረጋገጫ ኮድም በስልክ ደውለው «በሉ ያነበባችሁትን ንገሩኝ» ቢሏችሁ አትንገሩ። ቁጥሩንና ኮዱን ያገኘ ሰው በእናንተ ስም መታወቂያውን ማውጣት ይችላል።

ስለ መልእክት ልናገር። ይህን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል፤ ብዙ ሰው እንደ መረጃ አይቆጥረውምና። አባዬ ከሱቅ ዘይት ይገዛሉ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካሉ፣ ከዚያ «ይኸው ገብቷል» ብለው ስልኩን ለባለሱቁ ያሳያሉ። መልእክቱ የላኩትን ብቻ አይናገርም። ከታች ቀሪ ሂሳብ ይላል። የጡረታ ቀን ሲሆን እዚያ ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የአንድን አዛውንት ገንዘብ በአንድ እይታ ያውቃል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ከሆኑ ደግሞ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ተቀባዩ የራሱ መልእክት ይደርሰዋል፤ የራሱን ስልክ ይይ። ካልደረሰው አባዬ ስልኩን ሳይሰጡ የማረጋገጫ ቁጥሩን ብቻ ያነቡለታል። ስክሪንሾት መላክ ካለባቸውም ቀሪ ሂሳቡ ያለበት መስመር ተቆርጦ ነው። ይህን ለእናቶች ማኅበርና ለዕድር ገንዘብ ለሚልኩ ሁሉ ንገሩልኝ። የዕድር ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቼ ያየሁት የሰው ሂሳብ ብዛት ያሳዝናል።

መልእክት ደግሞ ስልኩ ተቆልፎም ይነበባል። የአባዬ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተቆልፎ ተቀምጦ ኮድ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ሙሉውን ያሳያል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኖቲፊኬሽን የሚለውን ክፈቱና በቁልፍ ገጽ ላይ የመልእክቱ ይዘት እንዳይታይ አድርጉት። መልእክት መምጣቱ ይታያል፤ ምን እንደሚል የሚታየው ሲከፈት ብቻ ነው።

አፖቹን በተመለከተ ረጅም ወሬ የለኝም። የአባዬ ስልክ ላይ ማን እንደጫናቸው የማይታወቁ አፖች ነበሩ፤ የባትሪ ማጽጃ፣ የባትሪ መብራት፣ የብድር አፕ። ብዙዎቹ ሎኬሽን፣ ኮንታክትና ፎቶ ላይ ሁሉ አሎው ተብለዋል። የባትሪ መብራት የአባዬን ስልክ ቁጥሮች ምን ያደርግለታል? የማይጠቀሙበትን አጠፋን። የቀሩትን አንድ በአንድ ፐርሚሽናቸውን አየን። የታክሲ አፕ ሎኬሽን ያስፈልገዋል፤ እሱም አፑ ሲከፈት ብቻ እንዲሆን አደረግነው። ባንክና ቴሌብር ከፕሌይ ስቶር ውጭ አይጫኑም። በቴሌግራም የሚላክ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል)፣ ማን ይላከው ማን፣ አይነካም። ስክሪን ሼር (ስክሪናችሁን ሌላ ሰው እንዲያይ) ወይም አክሰሰቢሊቲ (አፑ በእናንተ ፈንታ ስልኩን እንዲያነብና እንዲነካ) ፍቀዱልኝ የሚል አፕ ካያችሁ ደግሞ ስልኩን አስቀምጡና የሚያውቅ ሰው ጥሩ፤ ያንን የፈቀደ ሰው ስልኩን አሳልፎ ሰጥቷል።

ሁሉም አዛውንት ግን ስማርት ስልክ የግድ የለበትም። አክስቴ ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት፤ ከእኛ ሁሉ የሚሻል ጥበቃ ያላቸው እሳቸው ናቸው። ቴሌብራቸውን በ*127# ይሠራሉ። ራይድ ታክሲ ሲፈልጉ በአፕ ፈንታ 8294 ይደውላሉ። ሎኬሽን የሚከታተል አፕ የለም፣ ፎቶ የሚወስድ አፕ የለም። «ዘመናዊ ስልክ እንግዛልዎ» የምትሉ ልጆች አስቡበት። እናትየው ቪዲዮ የምታየውና ከልጆቿ ጋር ፊት ለፊት የምታወራው ስልክ ሌላ፣ ባንኩና ቴሌብሩ ያለበት ቁልፍ ስልክ ሌላ ቢሆን መልካም ነው። እኛ ሰፈር እንዲህ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ተመችቷቸዋል።

ስልክ ደውሎ የሚያታልለው ደግሞ አሁን በትሕትና ነው የሚመጣው። «አባቴ እንደምን አደሩ፣ ከቴሌ ነው የምንደውልልዎ» ይላል። ስማቸውን ይጠራል። አንዳንዴ ሰፈራቸውንም ያውቃል። ከየት አመጣው? ካሳየኋችሁ የህትመት ቤት፣ ከዕድሩ ግሩፕ፣ ከየቢሮው ፎቶ ኮፒ። የተበተነው መረጃ ተሰብስቦ የሚመለሰው በዚህ ድምፅ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «በስህተት ብር ልኬብዎት ነው ይመልሱልኝ»፣ «ሲምዎ ሊዘጋ ነው ይህን ኮድ ይጫኑ» ይላል። ይህ የመጨረሻው ተንኮለኛ ነው። በኮከብና በ21 የሚጀምር ቁጥር ካስጫኗችሁ ጥሪያችሁን ወደ ሌላ ስልክ ያዞሩታል። *#21# ብላችሁ ብትደውሉ ዞሮ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ##002# ደግሞ የዞረውን ሁሉ ይሰርዛል።

ለአባዬ ስልቱን ሁሉ አላስተማርኳቸውም፤ ስልቱ በየጊዜው ይቀየራል። አንድ ነገር ብቻ ተስማማን። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ኮድ ወይም ስለ መታወቂያ የደወለ ማንም ይሁን ማን «ልጄን ላማክርና እደውላለሁ» ብለው ይዘጋሉ። ከዚያ የሚደውሉት እኔ ጋ ነው፤ ወይም ራሳቸው በሚያውቁት ቁጥር፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለንግድ ባንክ 951። የደወለው እውነተኛ ከሆነ በዚያው ያገኙታል። አባዬ ይህን ወደውታል፤ ሰው ሳይሰድቡ የሚዘጉበት በር ስላገኙ።

ቤተሰብ ውስጥ ያለው ጣጣም አለ፤ ስለሱ መጻፍ ትንሽ ይከብዳል። እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ከፍቅሯ የተነሳ የአባዬን ባንክ የይለፍ ቃል ልያዝ፣ ስልካቸውን ከዚህ ሆኜ ልከታተል፣ የት እንዳሉ ካርታ ላይ ልይ አለች። ክፋት የለውም። የምትጨነቀው ርቀቱ ስለሚያስጨንቃት ነው። ነገሩን ለአባዬ አቀረብንላቸው።

ዝም ብለው ሰሙና «የምትከታተሉኝ ከሆነ እኔ ልወቅ። መቼ እንደምታዩ፣ ምን እንደምታዩ ንገሩኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ ጓደኛዬ ጋ ስሄድ ልጆቼ ካርታ ላይ እንደሚያዩኝ ሳላውቅ መኖር አልፈልግም» አሉ።

ይህ ንግግራቸው የእኔንም ሐሳብ ቀየረው። አዛውንትን ከሌባ ስንጠብቅ ራሳችን ያለ ፈቃዳቸው የምንገባ ከሆነ ምን ጠበቅንላቸው? አባዬ ያስተማሩን ሰው ናቸው፤ ሕፃን አልሆኑም። እናም የተስማማነው ይህን ነው። ሎኬሽን የሚበራው ብቻቸውን ሐኪም ቤት ሲሄዱ ነው፤ የሚያበሩት እሳቸው፣ የሚያጠፉትም እሳቸው። የባንክ ይለፍ ቃል ለማንም ልጅ አይሰጥም። አንድ ነገር ቢደርስባቸው ሂሳቡ እንዳይጠፋ ግን በሕጋዊ መንገድ ውክልና ሰጡኝ። እህቴ መጀመሪያ ከፋት። አሁን በየሳምንቱ ትደውላለች፣ አባዬም ራሳቸው የሆነውን ሁሉ ይነግሯታል፤ ካርታው ከሚነግራት የበለጠ።

ውጭ ላላችሁ ልጆች ሌላም የምለምናችሁ አለኝ። የወላጅ መታወቂያና ፓስፖርት በኢሞና በዋትስአፕ ሲዞር አያለሁ፤ ለቪዛ፣ ለብር መላኪያ፣ ለምንም። ጉዳዩ ሲያልቅ አጥፉት። የእናትን የልደት ቀን ከሙሉ ስሟና ከፎቶዋ ጋር ፌስቡክ ላይ መለጠፍም ይቅር። ምርቃቱ ቤት ይድረስ።

አሁን ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃችሁን የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚፈልገው ሊነግራችሁ ይገባል። ምን እንደያዘባችሁ የመጠየቅ፣ ስህተት ካለ የማስተካከል መብት አላችሁ። አሻራና የጤና መረጃ ደግሞ የበለጠ ጥበቃ የሚገባቸው ተብለው ተለይተዋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁም ቁጥር 1284/2015 አለ። አባዬ ይህን ከነገርኳቸው ወዲህ የመታወቂያ ኮፒ በተጠየቁ ቁጥር «ለምን ጉዳይ ነው ልጄ?» ይላሉ። አንዳንዱ ያብራራል። አንዳንዱ ደግሞ «ግድ አይደለም፣ ይለፉ» ይላል። ሁለተኛውን ስሰማ ያለ ምክንያት ስንት ኮፒ እንደሰጠን አስባለሁ። ኮፒ የግድ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የተሰጠበትን ጉዳይና ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፈው ነው የሚሰጡት። ሌላ ቦታ እንዳያገለግል።

ጉዳቱ ከደረሰስ? ጎረቤታችን ያሉ አንድ እናት ባለፈው ዓመት ደረሰባቸው። ከደወለላቸው ሰው ጋር ሲያወሩ ኮዱን ነገሩት፤ ከቴሌብራቸው ብር ወጣ። ይባስ ብሎ በስማቸው ብድር ተወሰደ። ቴሌብር ላይ እንደኪሴና መላ የሚባሉ የብድር አገልግሎቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ሌባው ያለውን ብቻ ሳይሆን የሌለውንም ይወስዳል። እናታችን ግን ለልጆቻቸው አልተናገሩም። ለቀናት ደብቀውት ከረሙ፤ እንቅልፍም ምግብም አጡ። የፈሩት ሌባውን አልነበረም። «አርጅታለች፣ ስልኩን ቀሟት» መባልን ነው የፈሩት።

ስለዚህ እናትና አባታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲነግሯችሁ የመጀመሪያው ቃል ቁጣ አይሁን። «እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ» ያለ ልጅ ሁለተኛ አይነገረውም። እኚህ እናት ለእኔ የነገሩኝ ቡና ላይ ነው፤ በሹክሹክታ። ያን ቀን የሠራነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ 994 ደውለን ቴሌብሩን አሳገድን። ቀጥሎ ባንካቸው ደውለን ሞባይል ባንኪንጉን አስቆምን፤ ሌባው የያዘው ኮድ ወደ ባንኩም ሊያሻግረው ይችል ነበርና። የጥሪ ማዞሪያውን በ##002# ሰረዝን። የቴሌግራማቸውን ዲቫይሶች ዝርዝር ከፍተን የማናውቀውን ስልክ አስወጣን፤ ሌባው ዘመዶቻቸውን «ብር ላኩልኝ» እያለ በስማቸው እንዳይጽፍ። መልእክቶቹንና የደወለበትን ቁጥር ሳናጠፋ በስክሪንሾት አስቀመጥን። በማግሥቱ መታወቂያቸውን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ የማመልከቻውን ኮፒ ይዘው ኢትዮ ቴሌኮም ገቡ፣ በስማቸው የተወሰደውን ብድር አስመዘገቡ። ቀጥሎ ፒኑን፣ የስልኩን መክፈቻ፣ ሁሉንም አዲስ አደረግን፤ የመረጡት እሳቸው ናቸው።

የወጣው ብር አልተመለሰም። የብድሩ ጉዳይ ገና እየታየ ነው። ባንክ ያለው ጡረታቸው ግን ተረፈ። ለልጃቸውም ነገሯት፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር። ልጅቷ አልተቆጣችም። «እማ፣ ሲምሽ በማን ስም ነው?» አለቻቸው መጀመሪያ። በሟች ባላቸው ስም ነበር። በሰኞው አብረው ሊያስቀይሩ ሄዱ።